የጎረቤቴ የእንጨት ልጅ

ከፊት ለፊቴ በር ያለችው ጎረቤቴ መንታ ወልዳ አንዱ ሞተባት። የሞተውን ከእንጨት አስቀርጸውላት፣ እያጠበች፣ እያለበሰች፣ እያበላች አብራው ኖረች። እኔም መንታ ወልጄ አንዱ ሞተብኝ። የእኔን የቀረጸልኝ የለም። ይህን ገና ከመነሻው የምናገረው፣ ኋላ ላይ ሴትዮዋ በጎረቤቷ ምን አስቀናት የሚል እንዳይኖር ነው። ቀንቻለሁ። አሁንም እቀናለሁ።

የምንኖረው ለንደን፣ ከካሌዶኒያን ሮድ ገባ ብሎ ባለ የካውንስል የኪራይ ሕንፃ ላይ ነው። የእሷ በርና የእኔ በር ይፋጠጣሉ፤ በመሐላቸው ያለውን ሲሚንቶ በየተራ እንጠርጋለን። እሷ ናይጄሪያዊት ናት፣ ዮሩባ። እኔ እርጉዝ ሆኜ ከባሌ ጋር ቤቱን ስረከብ እሷ ትንሽ ልጇን ይዛ ቀድማ ገብታ ነበር። እቃችንን እንኳ ሳናወጣ ሻይ ጠጡ ብላ ጠራችን። ባሌ ሰው ቤት መግባት አይወድም፤ እኔ ገባሁ።

መደርደሪያው ላይ ያየሁት ነገር መጀመሪያ አሻንጉሊት መሰለኝ። ከስንዝር ትንሽ ይረዝማል። ጥቁር እንጨት ነው። ሕፃን እንዳይባል ትከሻውና ደረቱ የጎልማሳ ነው። ፀጉሩ ወደ ላይ ተጎንጉኖ ልብስ በሚያነጣው ሰማያዊ ዱቄት ተቀብቷል። ወገቡ ላይ ዶቃ ታስሮለታል። ፊቱ ግን ከመታጠብ ብዛት ሟሙቷል። አፍንጫውና ከንፈሩ የት እንደነበሩ በግምት ነው የሚታየው።

"ሁለተኛው ልጄ ነው" አለችኝ። "ሰላም በይው።"

ሰላም አላልኩትም። ሻዬን ጠጣሁ።

ስትተርክልኝ የዋለችውን ባጭሩ ልናገር። በአገራቸው መንታ ክቡር ነው። ከመንታ አንዱ ሲሞት ነፍሱ ሜዳ ላይ እንዳትቀር ከእንጨት ይቀረጽለታል፤ እናቱም የቀረውን ስታሳድግ እሱንም አብራ ታሳድጋለች። ገላውን ታጥበዋለች፤ ቀይ የእንጨት ዱቄት በዘይት ለውሳ ትቀባዋለች፤ የተፈጨ ባቄላ ከንፈሩን ታስነካዋለች፤ ሲመሽ ታስተኛዋለች፣ ሲነጋ ታቆመዋለች። ዘፈን ባለበት ቀን ሽርጧ ውስጥ ሸጉጣ አብራው ትጨፍራለች። ልጇ የሞተ ጊዜ እሷ ከአልጋ አልተነሣችም ነበር፤ ጠራቢው ዘንድ የሄደችው አማቷ ናት። አሮጊቷ እንጨቱን ራሷ መርጣ፣ ሲጠረብ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ሲያልቅ በነጠላ... በእነሱ ጨርቅ ጠቅልላ፣ አምጥታ ጡቷ ላይ አስቀመጠችላት። "አልጠፋም፣ ይኸው" አለቻት።

ያን ቀን አልቀናሁም። አዘንኩላት እንጂ። ሆዴ ውስጥ ሁለት እንዳሉ ሐኪሙ ነግሮኝ ስለነበር፣ ስለ መንታ ሞት መስማት አልፈለግሁም። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ወለድኩ። ሴቷ ቀድማ ወጣች፣ ወንዱ ተከተላት። ሁለቱንም ይዤ ደረጃውን ስወጣ ጎረቤቴ በሯ ላይ ቆማ እልል አለች፤ በእነሱ እልልታ፣ ከእኛ ወፈር የሚል። ቤት ውስጥ የምትጠብቀኝ ግን የባሌ እህት ነበረች።

እሷን እድሜዬን ሙሉ አንቱ ስላት ኖሬያለሁ። እዚህ አልላትም። ታላቄ ናት፣ ለንደንም ከእኛ በፊት የገባች ናት፤ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀታችንን ክሮይደን ድረስ ወስዳ ያስጨረሰችልን እሷ ናት። ይህን ውለታ በየድግሱ ስላነሣችው እኔ ሌላ አልጨምርበትም። አራስ ልትጠይቅ መጥታ ቤቴን ተረከበች። ጡት የማጠባበትን ሰዓት እሷ ትወስናለች፤ መስኮቱ ይከፈት አይከፈት እሷ ትወስናለች፤ ባሌም ከእሷ ቃል አይወጣም።

በእኛ ሥርዓት ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። የእኔ ልጅ አርባው ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጡት መያዝ አቃተው። ድምፁ ደከመ። ለሐኪም አሳየነው፣ ጉንፋን ነው አለን። እኔ ግን አላማረኝም።

"እትዬ፣ ቄስ ይጠሩልኝና ይጠመቅልኝ" አልኳት።

"ገና መቼ አርባው ሞላና?"

"የሚያሰጋ ከሆነ አይጠበቅም ይባላል።"

ይህን እኔ ለእሷ መንገር አልነበረብኝም። አባታቸው ቄስ ነበሩ። ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

"አንቺ ደግሞ በገዛ ልጅሽ ታሟርቻለሽ?" አለችኝ። "ወተት አንሶት ነው። አርባው ሲደርስ እንደ ሰው ልጅ በወጉ ይነሣል። ሰው ሁሉ ጠርቻለሁ እኮ፤ ምን ልበላቸው?"

ወደ ባሌ ዞርኩ። ባሌ ጫማውን እያየ "እትዬ ያሉት ይሁን" አለ።

ሕፃኑን በማግስቱ ሆስፒታል አስገባነው፤ አብሬው ሰነበትኩ፤ አልተመለሰም። ያልተጠመቀ ስለሆነ ፍትሐት አልተደረገለትም፤ አርባ የለውም፣ ሙት ዓመት የለውም፣ የክርስትና ስም የለውም። የጠራቻቸው ሰዎች ግን አልቀሩም፤ በሰማንያው ለእህቱ ክርስትና መጡ፤ በሉ፣ ጠጡ፣ እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ።

ከሆስፒታል ስመለስ ሁለተኛው ነገር ሁሉ ከቤቴ ወጥቷል። ሁለተኛው አልጋ፣ ሁለተኛው ብርድ ልብስ፣ ሁለተኛው ጡጦ። አንዲት ካልሲ እንኳ አላስቀረችም። የት እንዳደረገችው ዛሬም አላውቅም።

"ለልጅቷ ደግ አይደለም" አለችኝ። "ወተትሽም ይነጥፋል። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ስሙ አይነሣም።"

ምን ስም አለውና ነው የማይነሣው፣ አልኩ በሆዴ። በአፌ ግን "እሺ እትዬ" አልኩ። ስሙም አልተነሣም። ባሌ ሳያነሣው ሞተ። ልጄ ብቻዋን እንደተወለደች እያሰበች አደገች።

በዚያው ወራት በሬን ከፍቼ ስወጣ የማየው ምን ነበር? ጎረቤቴ በሯን ክፍት አድርጋ፣ አንዱን ልጅ በጉልበቷ፣ አንዱን በክንዷ ይዛ እያንጎራጎረች ታጥባለች። የአገሯ ሰዎች ደረጃውን ሲወጡ ገና ከታች ጀምረው "ኢያ ኢቤጂ" እያሉ ይጣሯታል። የመንታ እናት ማለት ነው። አንዱ ከሞተ ስንት ጊዜው፤ ማዕረጓን ግን የነሣት የለም። ወጣቶቹ ሲገቡ ጉልበታቸው መሬት እስኪነካ ያጎነብሱላታል። እኔን የአገሬ ሰው በልጄ ስም የእከሊት እናት ይለኛል። የአንዷ።

ስለዚህ እጠላት ጀመር። ሌላ ምክንያት አልፈልግም። እሷም እሁድ እሁድ ነጭ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ ሴት ናት፤ ተመልሳ ግን እንጨት ታበላለች እያልኩ ለማኅበርተኞቼ አማኋት። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ቀጠልኩ።

የሚያሳፍረው ግን ያለ እሷ መኖር አለመቻሌ ነው። ሆቴል አልጋ በማነጥፍበት ዘመን ልጄን ከትምህርት ቤት የምታመጣልኝ እሷ ነበረች። ልጄ "አንቲ"፣ አክስቴ፣ እያለች የፊት ለፊቱን በር እንደራሷ በር ከፍታ ትገባለች። ስትመለስ የጣቷ ጫፍ ቀይ ነው።

"ዛሬ እኔ ነኝ ያጠብኩት" ትለኛለች። "አንቲ ጀርባውን በእርጋታ ነው የሚታሸው አለችኝ።"

"እጅሽን ታጠቢ።"

"ታጥቤያለሁ እኮ፤ አይለቅም።"

እኔ ፊት እንዲህ ስትለሰልስ አይቻት አላውቅም። ከእኔ ጋር ስትሆን ስለ ቤት ሥራና ስለ ምሳ ነው የምታወራው፤ እዚያ ቤት ግን የሰው እንጨት ታባብላለች። የገዛ ወንድሟ መኖሩን እንኳ አታውቅም።

ስጦታው ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ጎረቤቴ ለልጄ አንድ ነገር ገዝታ አታውቅም፤ ሁለት ነው። ሁለት ካልሲ፣ ሁለት ጓንት፣ ሁለት ሹራብ፣ በገና ሁለት ጥቅል። አንዱ ቀይ ከሆነ አንዱ ሰማያዊ፤ አንዱ የሴት ከሆነ አንዱ የወንድ። ገበያው ላይ ሁለቱን በአንድ ዋጋ የሚሉትን እየለቀመች፣ ተራፊውን እኛ ላይ የምትጥል መሰለኝ። እኔ ደግሞ ድሃ ብሆንም የሰው ትራፊ አልቀበልም። አንዱን አስቀርቼ ሁለተኛውን አጣጥፌ በሯን አንኳኩቼ እመልስላታለሁ።

"ለአንዲት ልጅ አንድ ይበቃታል" እላታለሁ።

ትንሽ ታየኝና "እሺ፣ እኔ ጋ ይቀመጥ" ትለኛለች።

በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ሁለት። ልጄ አድጋ፣ ተምራ፣ ሥራ ይዛ ክሮይደን ቤት እስክትከራይ ድረስ አልተወችም። ለቤቷ እንኳን ደስ ያለሽ ብላ ሁለት የአንገት ልብስ ሰጠቻት፤ አንዱ የወንድ። እሱንም መለስኩት። ነገር የማይገባት ሴት ናት አልኩ።

ዘንድሮ በጸደይ ጎረቤቴ ጉልበቷ እምቢ አለ። ሊፍቱ በሠራበት ቀን ትወርዳለች፣ በተበላሸበት ቀን ትታሰራለች። ልጇ ክላፋም ያለው ቤቱ ምድር ቤት ላይ ክፍል አዘጋጀላት። ሚስቱ ግን እናትዎ ይምጡ፣ እንጨቱ አይመጣም አለች፤ እነሱ የሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለውን አይወድም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ልጄ ናት፣ በስልክ።

"ስለዚህ እኔ ጋ ይመጣል" አለችኝ። "አንቲ ጠየቀችኝ፣ እሺ አልኳት።"

"የት ልታስቀምጪው?"

"መኝታ ቤቴ መደርደሪያ አለ አይደል።"

"ቤትሽ ውስጥ ጣዖት ልታስገቢ?"

"እማዬ፣ ጣዖት አይደለም፤ ልጇ ነው። ቅዳሜ መጥቼ እወስደዋለሁ። ፕሊስ ነገር እንዳታነሺ።"

ስልኩን ዘጋሁና ቁጭ አልኩ። ልጄ በቤቷ ለሰው የሞተ ልጅ ቦታ ሰጠች። ታጥበዋለች፣ ታለብሰዋለች፣ እየመሸ ታስተኛዋለች፣ እስክታረጅ። የእኔስ? የእኔ በማን ቤት፣ በየትኛው መደርደሪያ? ቅዳሜ ልጄ ሳትደርስ ተሻግሬ ይህን ነገር አስቀረዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ክፍት ነበር። ልጇ ካርቶን እየተሸከመ ያወጣል። ጎልማሳ ሆኗል፤ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል።

"አንቲ፣ ወንድሜን ሊሰናበቱ መጡ?" አለኝ እየሳቀ።

"አንተ ለምን አትወስደውም?"

"ኧረ ይለፈኝ። እኛ ጋ ኋላ የወጣው ነው ታላቁ፤ እስኪ ዓለሙን ቀምሰህ ና ብሎ ታናሹን ያስቀድማል ይላሉ። ታላቅ ነው ተብሎ ሁልጊዜ መጀመሪያ ለእሱ ይቀርባል። እድሜዬን ሙሉ ከእንጨት ቀጥዬ ነው የበላሁት። ሚስቴ እምቢ ስትል ውስጤ ጨፈረ።"

"እሰማሃለሁ" አለች እናቱ ከውስጥ። "እሱም ይሰማሃል።"

"ይስማ። አሁን ባቄላውን ክሮይደን ይብላ።"

ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እንጨቱን ጭኗ ላይ አጋድማ ለመንገድ ታጥበዋለች። ውሃው ከፊቱ ላይ ሲወርድ ልክ እንደሚያለቅስ ነው።

"ልጄ አትወስደውም" አልኳት።

"ተቀመጪ።"

"አልቀመጥም።"

"እንግዲያው ፎጣውን አቀብይኝ።"

አቀበልኳት። እያደራረቀች ዶቃውን አስተካከለችለት። ጥድፊያ የለባትም። የሚያበሳጨኝ ይህ ነው። እድሜዋን ሙሉ በልጇ ሐዘን ላይ ጥድፊያ አልነበረባትም፤ እኔን ግን በአንድ ቀን ነው ቤቴን የጠረጉብኝ።

"የራሷ አላት" አልኩ።

"ምን አላት?"

"የራሷ ሙት አላት። የአንቺን ምን አስያዛት?"

ይህ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር። የምትደነግጥ መስሎኝ ፊቷን አየሁ። አልደነገጠችም። ልጇን ጠርታ በአገራቸው ቋንቋ አንድ ነገር አለችው፤ እሱም ከአልጋው ስር ቡናማ ሻንጣ ጎትቶ እግሬ ስር አስቀመጠና ወጣ።

"ክፈቺው።"

ከላይ የነበረው የአንገት ልብስ ነው፤ ባለፈው የመለስኩት። ከሱ ስር ሸሚዝ፤ የመለስኩት። ከሸሚዙ ስር የትምህርት ቤት ሹራብ፣ ጓንት፣ የዝናብ ኮት፣ የሕፃን ሱሪ። እጄ ወደ ታች በገባ ቁጥር ልብሱ እያነሰ ሄደ። ከሥሩ አውራ ጣቴን የማታስገባ ሰማያዊ ካልሲ አገኘሁ። ሁሉንም በገዛ እጄ አጣጥፌ የመለስኩት ነው። አጣጠፉ እንኳ የእኔ ነው፤ አልነካችውም።

"ለእሷ ስገዛ ለእሱም ነው" አለች። "እኛ ጋ ለአንዱ ገዝተሽ አንዱን አትተዪም። የሄደው ቅር ካለው የቀረውን ይጠራዋል። ልጅሽ እንድትቆይልሽ ብዬ ነው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ያቺ ረጅሟ፣ የባልሽ እህት፣ እዚህ በሬ ላይ ቆማ ነገረችኝ። በፊቷ ስለ ልጁ ካነሣሽ አእምሮዋን ትስታለች፣ በእግዚአብሔር ይዤሻለሁ አለችኝ። ምን ላድርግ? አንቺ እስክታነሺው ጠበቅኩ። ካልሲ ሳመጣልሽ ታነሺው ይሆናል አልኩ። ሹራብ ሳመጣ ታነሺው ይሆናል አልኩ።"

እንግዲህ የባሌ እህት የእኔን ቤት ብቻ አልነበረም የጠረገችው። ሲሚንቶውን ተሻግራ የሰው ቤትም ጠርጋለች። ከእኔ ጋር ስለ ልጄ ሊያወራ የሚችል አንድ ሰው በዓለም ላይ ነበረ፤ እሱንም አፉን አስይዛ ሄደች።

እዚህ ላይ ጎረቤቷን ማቀፍ ነበረባት የሚል አንባቢ ይኖራል። አላቀፍኳትም። የተሰማኝ ቅናት ነበር፣ ከቀድሞው የባሰ። የራሷን ማሳደጓ አልበቃት ብሎ የእኔንም አሳድጋዋለች። በትምህርት ቤት ልጅነቱ ክንዱ ምን ያህል እንደሚረዝም አስባለች፤ ሰው ሲሆን ምን ዓይነት የአንገት ልብስ እንደሚያምርበት አስባለች። ሱቅ ውስጥ ቆማ ቀለም መርጣለታለች። እናቱ እኔ ሆኜ፣ ሰማያዊ እንደሚወድ የወሰነችው እሷ ናት።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኝ እንደሆነ ለማወቅ ፈለግሁ።

"ለልጄ ነግረሻታል?"

"እኔ እንዴት እነግራታለሁ?" አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቆጣች መሰለችኝ። "እሱ የአንቺ ነው።"

ሻንጣውን ዘጋሁ። እሺም እምቢም አላልኳትም፤ ስለ እንጨቱ ግን ደግሜ አላነሣሁም። ከታች የልጄን እግር ሰማሁ፤ ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ነው የምትወጣው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ። አሁን ገብታ ሻንጣውን አይታ "አንቲ፣ ይሄ ምንድነው?" ትላለች፤ አንቲም አፏ ያመልጣት ይሆናል፤ ልጄም በሰው ቤት፣ በሰው አልጋ ላይ፣ የሰው ትከሻ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። ይህንንስ አልሰጣትም አልኩ። ሻንጣውን ጎትቼ ወጣሁና በሁለቱ በሮች መሐል ቆምኩ።

"እማዬ፣ ሻንጣ ይዘሽ ወዴት ነው?" አለችኝ ልጄ እያለከለከች። "አንቲ ትታሽ ስትሄድ አብረሽ ልትሄጂ ነው?"

"የወንድምሽ ልብስ ነው።"

"የማን?"

"የወንድምሽ። መንታ ነበርሽ። አንቺ ቀድመሽ ወጣሽ፣ እሱ ተከተለሽ። ክርስትናው ሳይደርስ ሞተ።"

ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወረደ። የፊት ለፊቱ ቤት ውስጥም የካርቶን ድምፅ ቆመ። ሻንጣውን እዚያው ሲሚንቶው ላይ ከፍታ ተንበረከከች፤ ካልሲውን አገኘችና መዳፏ ላይ አስቀመጠችው።

"ለካ ሁልጊዜ ትመልሺ የነበረው ይሄን ነው" አለች። "እኔ አንቲ መቁጠር የማትችል ይመስለኝ ነበር።"

"እኔም።"

"እማዬ፣ ስሙ ማነው?"

የክርስትና ስም እንደሌለው ነገርኳት። ግን ሆስፒታል ውስጥ፣ የባሌ እህት በሌለችበት፣ ጆሮው ላይ የምጠራው ስም ነበረ። ለባሌ አልነገርኩትም። ለማንም አልነገርኩትም። ጎንበስ ብዬ ለልጄ በጆሮዋ ነገርኳት፤ የፊት ለፊቱ በር ክፍት ስለነበር ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

እንጨቱ ክሮይደን ሄደ። ሻንጣውም አብሮት ሄደ፤ ልጄ ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ ላይ ይሁኑ አለች፤ እኔም እምቢ አላልኩም። ሄጄ አይቻለሁ። ካልሲዋን ከእንጨቱ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን አድርጊያት ብያት አዛውራታለች። ጎረቤቴ በየሳምንቱ እየደወለች የሁለቱንም ደኅንነት ትጠይቃታለች አሉ። የእኔን ልጅ በስሙ ልትጠይቅ ግን አትችልም፤ አታውቀውም።

ስሙን እዚህም አልጽፈውም። የባሌ እህት ዛሬም በሕይወት አለች፤ ዓይኗም ደኅና ነው፤ በአማርኛ የታተመ ነገር አያመልጣትም።